ደብዳቤ ቁጥር 58

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የምኖረው በደሴ ከተማ ነው። ዕድሜዬ 63 ነው፤ ጡረተኛ ነኝ። 38 ዓመት በፖስታ ቤት አገልግያለሁ፤ ከዚያ ውስጥ አብዛኛውን ዘመን ያሳለፍኩት ደብዳቤ በመለየት ነው። ከከረጢት የሚዘረገፈውን ፖስታ አድራሻውን እያየሁ፣ ይህ ለኮምቦልቻ፣ ይህ ለወልዲያ፣ ይህ ለአዲስ አበባ እያልኩ በየመደቡ ሳስቀምጥ ጠጉሬ ሸበተ። ለጋዜጣ ስጽፍ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ስሜንና ስልኬን ለዝግጅት ክፍሉ ለብቻው አያይዤ ልኬያለሁ። በጋዜጣው ላይ እንዳይወጣ የምለምነው ልጄ ባለበት ቦታ ነገር እንዳይከብደው ሰግቼ ነው።

ልጄ እስረኛ ነው። ታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ በተነሣ ጠብ የሰው ሕይወት አጠፋ፤ 15 ዓመት ተፈረደበት። ያለ ጥፋቱ ነው የታሰረው የሚል ክርክር የለኝም። ፍርዱ ሲነበብ ችሎት ውስጥ ነበርኩ። የሟች እናት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከፊት ለፊቴ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። ስለ ልጄ ብዕር ባነሣሁ ቁጥር እርሷ ትታየኛለች። እኔ ደብዳቤ የምጽፍለት ልጅ አለኝ፤ እርሷ የላትም። በዚህ ምክንያት ስለ ታራሚ ቤተሰብ በአደባባይ ለመናገር ድፍረቱን እስካገኝ ዓመታት ፈጅቶብኛል። አሁንም ፍርዱ ይቅለልልኝ ብዬ አይደለም የምጽፈው። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ታራሚ ከአንድ ማረሚያ ቤት ወደ ሌላ ሲዛወር፣ በደረሰበት ቀን ለቤተሰቡ ይነገር፤ በቀድሞው ቤት ስሙን ጠርቶ የመጣ ደብዳቤም ወዳለበት ይላክለት።

እስረኛ ጠይቆ የማያውቅ አንባቢ «ለምን ሄደሽ አታይውም?» ይለኝ ይሆናል። ሄጃለሁ፤ እሄዳለሁም።

ከደሴ መናኸሪያ የምነሣው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ነው። በዚያ አውቶቡስ ላይ ስንቅ የያዘች ሴት ጠፍታ አታውቅም፤ በዳንቴል የተሸፈነ ሳህን እቅፏ ላይ ካየሁ ወዴት እንደምትሄድ አልጠይቃትም። ከሚሴ ላይ የምትሳፈር፣ ወንድሟን የምትጠይቅ አንዲት ሴት በዚህ ሁኔታ ወዳጄ ሆናለች። በረመዳን ለወንድሟ ቴምር ስትይዝ ለልጄም ትቋጥርለታለች። እኔም ለፋሲካ ስሄድ ለወንድሟ ሥጋ ያልነካውን፣ ድፎ ዳቦና ማር ለብቻው አድርጌ እይዝለታለሁ።

በሩ ጋ ስልክ አይገባም። ከማረሚያ ቤቱ ፊት ለፊት ያለች ባለ ሱቅ በጥቂት ገንዘብ ታስቀምጥልናለች፤ ቁጥር የተጻፈባት ቁራጭ ካርቶን ትሰጠናለች። መታወቂያ ይመዘገባል። ሴት ፈታሽ ትፈትሻለች። ስንቁ ይከፈትና ከእንጀራውም ከወጡም ቆርሼ በፊታቸው እቀምሳለሁ። እናት ለልጇ የሠራችውን ምግብ «ቅመሺ» ስትባል መጀመሪያ ላይ ደሜ ይፈላ ነበር። እየቆየ ግን ከልጄ ጋር ከአንድ ገበታ የምቆርስበት ብቸኛ አጋጣሚ ይህ መሆኑ ታየኝና፣ አሁን ሳልባል እቀምሳለሁ።

ከዚያ በኋላ አጥሩ ነው። በእኔና በልጄ መካከል ሁለት ረድፍ ሽቦ አለ፤ በሁለቱ ሽቦዎች መካከል ጠባቂ ይመላለሳል። በዚህ ወገን ሃያ ጠያቂ፣ በዚያ ወገን ሃያ ታራሚ ቆሞ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይጮኻል። አንዷ ስለ መሬት ግብር ትናገራለች፤ አንዱ ልጁ ትምህርት ቤት መግባት አለመግባቷን ይጠይቃል፤ አንዲት አሮጊት ምንም ሳትናገር ሽቦውን ይዛ ታለቅሳለች። የእኔ ጆሮ እየደከመ ነው። ከልጄ ድምፅ የምሰማው ጥቂት ነው፤ «ደህና ነኝ» ሲል ከከንፈሩ አውቀዋለሁ፤ ሌላውን እገምታለሁ። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ «ጊዜ አልቋል» ይባላል። ወደ ደሴ ስመለስ አውቶቡሱ ውስጥ የማስበው ሳልጠይቀው የቀረሁትን ነው።

በዚህ ምክንያት ልጄና እኔ በእውነት የምንነጋገረው በደብዳቤ ነው። በየወሩ አንድ እጽፋለሁ። ከመጀመሪያው ደብዳቤ ጀምሮ በራስጌው ላይ ቁጥር አስቀምጣለሁ። ይህ የሥራዬ ልማድ ነው፤ ሪኮማንዴ፣ ማለት ተመዝግቦ የሚላክ ደብዳቤ፣ ቁጥር አለው፤ የእኔም ይኑረው ብዬ ጀመርኩት። ቁጥር የሌለው ደብዳቤ ቢጠፋ መጥፋቱን የሚያውቅ የለም። ልጄም መልስ ሲጽፍ «41 ደርሶኛል» ብሎ ይጀምራል። የታሰረ ዘመድ ያላችሁ ወገኖቼ፣ ደብዳቤያችሁን ቁጠሩት።

መጀመሪያ ላይ የምጽፍለት ምክር ነበር። ስለ ንስሐ፣ ስለ ትዕግሥት፣ ስለ ትምህርት ገጽ ሙሉ እጽፋለሁ፤ እርሱ በአራት መስመር ይመልሳል። አንድ ቀን የምለው ጠፍቶኝ ግቢያችን ውስጥ ስላለችው የኮክ ዛፍ ጻፍኩለት። ሁለት ገጽ ሞልቶ መለሰልኝ። ስንት ፍሬ ያዘች? ወፍ እንዳይጨርሳት ምን አደረጋችሁ? ወደ ጎረቤት ያዘነበለው ቅርንጫፍ ተቆረጠ ወይ? ከዚያ ወዲህ የምጽፍለት ጦሳ ተራራ ላይ ስለሚወርደው ጉም፣ ስለ ሰኞ ገበያ የጤፍ ዋጋ፣ ስለ ጎረቤት ሠርግ፣ ስለሚያፈስሰው ጣራችን ነው። ደብዳቤው እጁ ከመግባቱ በፊት ሌላ ሰው እንደሚያነብበው አውቃለሁ። ያንብበው። አንዳንዴ ከግርጌው «ለሚያነብልኝም ጤና ይስጥልኝ» ብዬ ጽፌበታለሁ፤ ከልቤ ነው።

እናቴ በሕይወት ሳለች ደብዳቤው የሁለታችን ነበር። ልጄን በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው እርሷ ናት፤ እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ። ሁላችንም «እማማ» ነበር የምንላት። ፊደል አልቆጠረችም። ስጽፍ አጠገቤ በርጩማ ላይ ትቀመጥና ታስጽፈኛለች፤ «ልብሱን እንዳይሸጥ በይው። ቁር እንዳይመታው ወገቡን ይሰር በይው። ሰው ሲሰድበው ዝም ይበል በይው፤ ያኔም ዝም ባለ ኖሮ በይው።» የመጨረሻዋን አልጽፋትም ነበር። ፖስታውን ከማሸጌ በፊት ከጓሮ ጤና አዳም ቀንጥሳ ታስገባለች። ለወራት ስለ ቅጠሏ ምንም ሳይጽፍ ቆየና፣ ፍተሻ ላይ ትቀራለች ብለን ተስፋ ስንቆርጥ «ቅጠሏ ደርቃለች፤ ሽታዋ ግን አለ» የሚል ጻፈ። እማማ ያችን መስመር ስንት ጊዜ እንዳስነበበችኝ እግዚአብሔር ይወቅ።

መጋቢት 2012 ኮሮና አገራችን ሲገባ የቤተሰብ ጥየቃ ተከለከለ። በዚያው ወር 4,011 ታራሚዎች በይቅርታ መለቀቃቸውን በሬዲዮ ሰማን፤ ፍርዳቸው ቀላል የሆነና መውጫቸው የተቃረበ ነበሩና ልጄ ከእነርሱ ውስጥ እንደማይኖር አውቅ ነበር፤ ቢሆንም ስም ይጠራ ይመስል ሬዲዮውን ሳልዘጋ አደርኩ። በዚያን ጊዜ በመካከላችን የቀረው ደብዳቤ ነበር። ቀጥሎ ጦርነቱ መጣ። ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር መገባደጃ 2014 ዓ.ም. ደሴ ስልክ የለ፣ መብራት የለ፣ ባንክ የለ። ያን ጊዜ ነገሩ ተገለበጠ፤ ውጭ ያለሁት እኔ ጠፋሁ፤ እናቴ ትኑር ትሙት እያለ ሌሊቱን የሚቆጥረው እስር ቤት ያለው ልጄ ሆነ። መንገድ ሲከፈት የላክሁለት ደብዳቤ አንድ መስመር ነበር፤ «አለን። እማማም አለች። ኮኳም አለች።»

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

ኅዳር 9 ቀን 2015 ዓ.ም. እማማ ዐረፈች።

በአገራችን መርዶ በወረቀት አይነገርም። ጎሕ ሲቀድ ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ፊት ሆኖ፣ ሰውየው የሚይዘው እጅና የሚደገፈው ትከሻ አጠገቡ እያለ ነው የሚነገረው። ልጄ በነበረበት ቤት አንድ አዛውንት ታራሚ ነበሩ። «እንደ አባት ናቸው» እያለ ስለ እርሳቸው ይጽፍልኝ ነበር። ለእርሳቸው ጻፍኩ። «ጋሼ፣ እኔ ልደርስለት አልቻልኩምና እርስዎ ሽማግሌ ይሁኑልኝ። ጠዋት፣ ጓደኞቹ በተሰበሰቡበት ይንገሩልኝ። ሲረጋጋ ይህንን ይስጡልኝ» ብዬ፣ ለእርሱ የጻፍኩትን ቁጥር 58 በውስጡ አጥፌ አስገባሁ።

ያላወቅሁት፣ በዚያ ቀን ልጄ እዚያ አልነበረም። በኅዳር የመጀመሪያው ሳምንት ስሙ ከብዙዎች ጋር በሌሊት ተጠርቶ ወደ ሌላ ማረሚያ ቤት ተዛውሯል። ልጄ በገባ ዕለት ስልኬ በመዝገቡ ላይ በቅርብ ተጠሪነት ተጽፏል። የደወለልኝ የለም። እርሱም የሚደውልበት አላገኘም። በታኅሣሥ ቁጥር 59ን፣ በጥር መግቢያ ቁጥር 60ን ወደ ድሮው አድራሻ ላክሁ።

ከጥምቀት ማግሥት ቅዳሜ ስንቄን ይዤ በሩ ላይ ደረስኩ። ድርቆሽ፣ በሶ፣ አንድ ጠርሙስ ማር፣ ጥቁር ሹራብ፤ ሐዘን ላይ ነው ብዬ ነው ጥቁሩ። ወጣቱ ጠባቂ ዝርዝሩን በጣቱ እየተከተለ ከላይ እስከ ታች ፈለገ፤ ገልብጦም ፈለገ።

«እናቴ፣ የለም» አለኝ።

የእኔ ዘመን ሰው በእስር ቤት በር ላይ «የለም» ሲባል ምን እንደሚሆን ያ ልጅ አያውቅም፤ እንዴትስ ያውቃል? በ1970 ዓ.ም. የ16 ዓመት ልጅ ነበርኩ። አንዲት ጎረቤታችን ለታሰረ ልጇ በየቀኑ ምሳ ታመላልስ ነበር። አንድ ቀን አገልግሏን እንደ ሞላ ይዛ ተመለሰች። «ከእንግዲህ አታምጪ አሉኝ» አለች፤ ሌላ አልተናገረችም። አገልግሏን ደጃፉ ላይ አስቀምጣ አጠገቡ ተቀመጠች። ድምፅ አውጥታ እንድታለቅስ እንኳ አልተፈቀደላትም። ጥር 2015 ላይ በዚያ በር እኔ የታየችኝ እርሷ ናት።

ጉልበቴ ከዳኝ። ጠባቂው ክፉ ልጅ አልነበረም፤ ደንግጦ ውኃ አመጣልኝና «ተዛውሯል ለማለት ነው» አለኝ። ወዴት? አያውቅም። መቼ? አያውቅም። ቢሮው ሰኞ ነው የሚከፈተው። አዛውንቱን ልጠይቅ አልኩ፤ ያን ቀን የእርሳቸው ዞን የጥየቃ ተራ አልነበረም። ስንቁን ጠያቂ ለሌላቸው ታራሚዎች እንዲሰጡልኝ አደራ ብዬ፣ ሹራቡን ብቻ ይዤ ተመለስኩ።

ከአሥር ቀን በኋላ አንድ የማላውቀው ሰው ደወለልኝ። በዚያው ሰሞን የተፈታ ነው። ልጄ በብስኩት መጠቅለያ ላይ ስልኬን ጽፎ ሰጥቶት፣ ያንን ወረቀት ጫማው ውስጥ ይዞ ወጥቶ፣ ቤቱ ገብቶ ልጆቹን ሳያቅፍ መጀመሪያ ለእኔ ደወለ። ልጄ ያለው ከደሴ ሁለት ቀን መንገድ ከሚያስኬድ ቦታ ነው። ያ ሰው ይህንን ጋዜጣ ቢያነብብ፣ ውለታውን እንዳልረሳሁ ይወቅልኝ።

ወዲያው ልሄድ ነበር፤ ያለኝ ገንዘብ ግን ለእማማ የሰማንያ ቀን ተዝካር ወጥቷል። ስለዚህ ጻፍኩ፤ ቁጥር 61። አዛውንቱ ሳይዛወር በፊት ነግረውታል፣ ቁጥር 58ም ደርሶታል የሚል እምነት ነበረኝ። አንዴም አልተጠራጠርኩም። ደብዳቤውን የጀመርኩት «ልጄ፣ የእማማን ሰማንያ እሑድ አወጣን፤ ካህናቱም ነዳያኑም በልተው መርቀው ሄዱ» ብዬ ነው።

መልሱ በመጋቢት መጣ። ልጄ ሁልጊዜ የደብተር ወረቀት በሁለቱም ገጽ፣ ኅዳግ ሳያስቀር ነው የሚጽፈው። ይህኛው ሦስት መስመር ነበር።

«እማዬ፣ 61 ደርሶኛል።
ከ57 በኋላ የመጣልኝ ይህ ብቻ ነው።
የየትኛዋ እማማ ሰማንያ?»

ስለ ሦስተኛዋ መስመር ለማንም ብዙ መናገር አልቻልኩም፤ እዚህም አልችልም። ለልጄ መርዶውን የነገርኩት እኔ ነኝ፤ ብቻውን፣ በወረቀት፣ የደገስነውን ድግስ በሚያወራ መስመር። ያደረግሁትን ጥንቃቄ ሁሉ አንድ ያልተደወለ ስልክ ገለበጠው።

በሚያዝያ ተበድሬ ሄድኩ። ጠጉሩን ተላጭቷል። የክፍሉ ሰዎች ሦስት ቀን ለቅሶ ተቀምጠውለታል፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ ያላቸውን ዳቦ አዋጥተው፣ ሻይ አፍልተው። ጥቁሩን ሹራብ አስገባሁለት።

አንድ ነገር ደግሞ መናገር አለብኝ፣ ፍርድ እንዳላጎድል። ልጄ አሁን ባለበት ቤት፣ ደብዳቤዬን ካነበበ በኋላ ምግብ አልበላ ሲል አንድ ኃላፊ ጠርተው ነገሩን ጠይቀው፣ በቢሮ ስልክ አምስት ደቂቃ አገናኝተውናል። ሁለታችንም ስናለቅስ አብዛኛው ደቂቃ አለቀ። ሆኖም ስልኩ ነበረ፤ ቁጥሬም መዝገቡ ላይ ነበረ። በኅዳር ወር ያ ስልክ አንድ ደቂቃ ቢደወልበት ኖሮ ይህ ሁሉ ባልሆነ።

ቁጥር 58 ምን ሆነ? ጥቅምት 2016 ላይ ደረሰ፤ በአሥራ አንድ ወሩ። አዛውንቱ ደብዳቤዬን ሲቀበሉ ልጄ ሄዷል። ወዴት እንደ ሄደ የሚነግራቸው የለም። ደብዳቤውን በዳዊታቸው ሽፋን ውስጥ አስቀምጠው ጠበቁ። ከዓመት ገደማ በኋላ ከእርሳቸው ክፍል አንድ ታራሚ ወደ ሌላ ቤት ሲዛወር ሰጡት፤ እርሱ እዚያ ከደረሰ በኋላ ልጄ ያለበትን አጠያይቆ ለሌላ ሰጠ፤ በሦስተኛው እጅ ልጄ ጋ ደረሰ። ፖስታው አልተከፈተም ነበር። የእማማ የመጨረሻ ጤና አዳም በውስጡ ነበረች፤ ከቀብሯ ማግሥት እኔ ነኝ ከጓሮ የቀነጠስኳት። ቁጥር 59 እና 60 እስከ ዛሬ የት እንደ ወደቁ አይታወቅም።

እዚህ ላይ የሙያዬን ልናገር። ፖስታ በአገራችን ከ1886 ዓ.ም.፣ ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ አለ። እኔ ሥራውን ስጀምር አለቃዬ በመጀመሪያው ቀን ያስተማሩኝ፣ ደብዳቤ ሦስት ዕጣ ብቻ እንዳለው ነው። ወይ ለተቀባዩ ይደርሳል። ተቀባዩ አድራሻ ከለወጠ፣ የድሮው አድራሻ ላይ መስመር ይሰመርበትና አዲሱ ተጽፎ ይከተለዋል። ተቀባዩ ካልተገኘ ደግሞ ምክንያቱ ተጽፎበት ለላኪው ይመለሳል። አራተኛ ዕጣ የለም። የእኔ ደብዳቤዎች ከጀርባቸው የላኪ አድራሻ በጉልህ የተጻፈባቸው ናቸው። ከፖስታ ሣጥን ወጥተው ግቢው ውስጥ ከገቡ በኋላ ግን አልደረሱም፣ አልተከተሉም፣ አልተመለሱም። ማንም በክፋት ያደረገው አይመስለኝም። ይህን ሥራዬ ብሎ የያዘ ሰው ስለሌለ ነው። ታራሚ ሲዛወር የግል ማኅደሩ አብሮት ይሄዳል፤ ስለዚህ ወዴት እንደ ሄደ የሚያውቅ ጠረጴዛ በዚያ ግቢ ውስጥ አለ። ደብዳቤ የሚቀበለው ጠረጴዛ ያንን ጠረጴዛ አይጠይቀውም፤ ችግሩ ይኸው ነው። አንድ እስክሪብቶና አንድ መስመር ያስፈልጋል።

ሕጉስ ምን ይላል? የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 21 በጥበቃ ሥር ያሉና በፍርድ የታሰሩ ሰዎች ከትዳር ጓደኞቻቸው፣ ከቅርብ ዘመዶቻቸው፣ ከጓደኞቻቸው፣ ከሃይማኖት አማካሪዎቻቸው፣ ከሐኪሞቻቸውና ከሕግ አማካሪዎቻቸው ጋር የመገናኘትና የመጎብኘት ዕድል እንዲያገኙ መብት ሰጥቷቸዋል። የት እንዳለ ያልተነገረኝን ሰው እንዴት አድርጌ ልጎብኘው? የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2015 ያጸደቀው፣ በኔልሰን ማንዴላ ስም የተሰየመው የእስረኞች አያያዝ ደንብ ደግሞ በቁጥር 68 ነገሩን በግልጽ አስቀምጦታል፤ ማንኛውም እስረኛ መታሰሩን፣ ወደ ሌላ ተቋም መዛወሩን፣ በጽኑ መታመሙን ወይም መጎዳቱን ወዲያውኑ ለቤተሰቡ የማሳወቅ መብት ብቻ ሳይሆን ችሎታውና መንገዱም ሊሰጠው ይገባል ይላል። በቁጥር 59 ደግሞ እስረኞች በተቻለ መጠን ለቤታቸው ቅርብ በሆነ ስፍራ ይያዙ ይላል። ማንዴላ እኮ በ1954 ዓ.ም. በእኛው አገር፣ በኮልፌ የወታደር ሥልጠና የወሰደ ሰው ነው። በሮበን ደሴት በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በስድስት ወር አንድ ደብዳቤና አንድ ጠያቂ ነበር የሚፈቀድለት። በስሙ በተጠራ ደንብ ውስጥ ስለ ደብዳቤ መጻፉ ትክክል ነው።

«ለቤትህ ቅርብ» የሚለው ለደሴ ሰው ምን ማለት እንደሆነ ካርታ ያሳያል። የፌዴራል ማረሚያ ቤቶች በአዲስ አበባና በአካባቢዋ፣ በሸዋ ሮቢት፣ በዝዋይ፣ በድሬዳዋ ይገኛሉ። ሸዋ ሮቢት ከደሴ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ ናት፤ ጠዋት ተነሥቶ ጠይቆ ማታ ለመመለስ ይሞከራል። አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ነው፤ ዝዋይ ከዚያ ሌላ 160 ይጨምራል። የእኔ ልጅ በየትኞቹ እንደ ነበረ ሆን ብዬ አልጠቀስኩም፤ አንድ ቤት ለይቼ መክሰስ አልፈልግም፤ በአውቶቡስ ላይ ያገኘኋቸው እናቶች የሚነግሩኝም ከዚህ አይለይም። ቅርብ ይሁንልኝ ብዬ እንኳ አልጠየቅሁም። ቦታ ሲጣብብ፣ ጥበቃ ሲያስገድድ ሩቅ ይወሰድ ይሆናል። ሩቅም ቢሆን የት እንደሆነ ይነገረኝ።

ዝውውር የጸጥታ ጉዳይ ነው፣ አስቀድሞ አይነገርም የሚለኝ ሰው ትክክል ነው። መንገድ ላይ አደጋ ሊኖር እንደሚችል ይገባኛል። አስቀድማችሁ ንገሩን አላልኩም። አውቶቡሱ ደርሶ፣ ታራሚው ተቆጥሮ፣ በሩ ተዘግቶ፣ መዝገብ ላይ ስሙ ሲጻፍ፣ ጸሐፊው የተጠሪውን ቁጥር አይቶ ይደውል። «ልጅዎ እዚህ ነው፤ የጥየቃ ቀኑ ይህ ነው፤ ፖስታ ሣጥን ቁጥራችን ይህ ነው።» ሙሉ ደቂቃ አይፈጅም። ቤተሰቡ ስልክ ከሌለው ለታራሚው ራሱ ወረቀትና ቴምብር ይሰጠው፤ ቴምብሩን እኛ ቤተሰቦች እናዋጣለን።

ይህንን አሁን የምጽፍበት ምክንያት አለ። ዘንድሮ በሚያዝያ ስሄድ ከአጥሩ ማዶ ሆኖ ልጄ ደጋግሞ አንድ ነገር ነገረኝ። ጩኸቱ በዝቶ አልሰማ አለኝ፤ ሦስት ጊዜ አስደገምኩት። በመጨረሻ ከከንፈሩ ያዝኩት። የእነርሱ ዞን ክረምት ሳይገባ ሊዛወር ነው የሚል ወሬ አለ። ወዴት እንደሆነ አይታወቅም። መውጫው፣ አመክሮ ከተሰጠው፣ ታኅሣሥ 2020 ነው፤ እስከዚያ ድረስ ስንት ጊዜ እንደሚዛወር ማን ያውቃል?

ዛሬ ግንቦት 2017 ዓ.ም. ነው። ቁጥር 88ን ትናንት ማታ ጽፌ ጨረስኩ። ኮኳ ዘንድሮ መልካም ይዛለች፤ እርሱን ነው በብዛት የጻፍኩለት። ጣራውንም አሳድሰናል። ጤና አዳሟን ቀንጥሼ አስገብቻለሁ፣ ቴምብሩን ለጥፌያለሁ፣ የላኪውን አድራሻ ከጀርባው ጽፌያለሁ። በፊት ገጹ ላይ የልጄ ሙሉ ስም እስከ አያቱ አለ። ከስሙ በታች ያለውን መስመር ገና አልጻፍኩትም።

አንዲት እናት
ከደሴ